መብራቱ እየበራ ኩሬው ለምን አልጠራም? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ሙቀቱ ጠንከር ባለ ቁጥር ስለ ዓሣ ኩሬና ስለሚገጠምለት የዩቪ (በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር) መሣሪያ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣልናል፦ «የዩቪ መሣሪያውን አስገጥመናል፣ መብራቱም ይበራል፣ ውሃው ግን ያው አረንጓዴ ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?» በስልክ ቆራርጠን ከምንመልስ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ጽፈን ብንልክላችሁ ይሻላል ብለን ይህን ደብዳቤ አዘጋጅተናል። ረዘም ይላልና ጊዜ ወስዳችሁ እንድታነቡልን እንለምናለን።

አረንጓዴ የሚያደርገው በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖር፣ እያንዳንዱ አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ አልጌ ነው። ክሎሬላ የሚባለውን ብንወስድ ስፋቱ ከ2 እስከ 10 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ አንድ ማይክሮን ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። በስፖንጅ ቀዳዳ ሾልኮ ማለፍ ምንም አይቸግረውም። ማጣሪያውን በየቀኑ እያጠባችሁም ውሃው አልጠራ የሚለው ለዚህ ነው። ውሃ መቀየርም ብዙ አያስኬድም። ፀሐይ፣ ሙቀትና ምግብ ካገኘ አልጌው በአንድ ቀን ውስጥ ቁጥሩን እጥፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ዛሬ ግማሹን ውሃ ብትደፉ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደነበረበት ይመለሳል። የምትሞሉበት የቧንቧ ውሃ ራሱ ናይትሬትና ፎስፌት ይዞ ከመጣ ደግሞ ጭራሽ ቀለብ ጨመራችሁለት ማለት ነው።

የዩቪ መሣሪያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ ውሃውን ወደ አንድ ዝግ ቱቦ ይገፋል፤ በቱቦው መሐል በኳርትዝ ሽፋን ውስጥ የተቀመጠ የሜርኩሪ መብራት አለ። ከመብራቱ የሚወጣው ጨረር በአብዛኛው 254 ናኖሜትር ላይ ነው። ጨረሩ አልጌው ውስጥ ገብቶ በዲኤንኤው ላይ ጎን ለጎን ያሉትን፣ ቲሚን የሚባሉትን የዲኤንኤ ክፍሎች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ዲኤንኤው እንዲህ የተበላሸበት ሕዋስ መከፋፈል ያቅተዋል። እዚያው ሞቶ አይጠፋም፤ መራባቱ ግን ያበቃል፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር እየተጣበቀ ጓል ይሠራል። ጓሉን ማጣሪያው ይይዘዋል።

ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልን፦ መብራቱ ውሃውን አያጸዳም። ማጣሪያው ሊይዘው የማይችለውን ነገር ሊያዝ የሚችል ያደርግለታል፤ የሚያጸዳው ማጣሪያው ነው። ያለ ማጣሪያ ለብቻው የተገጠመ መብራት አልጌውን ወደ ኩሬው ወለል ያወርደዋል፣ እዚያ ይበሰብሳል፣ ከብስባሹ የወጣው ምግብ ደግሞ ለሚቀጥለው አልጌ ይውላል። ስለዚህ ነው መሣሪያውን ብቻ ልትገዙ ስትመጡ ስለ ማጣሪያችሁ አስቀድመን የምንጠይቃችሁ። አገጣጠሙም ውሃው ከፓምፕ ወደ ዩቪ፣ ከዩቪ ወደ ማጣሪያ እንዲሄድ ሆኖ ቢሆን እንመርጣለን፤ ጓሉ ወደ ኩሬው ሳይመለስ ይያዛልና። መብራቱን ከማጣሪያው በኋላ የሚያስቀምጡም አሉ፤ ሽፋኑ ቶሎ ስለማይቆሽሽ ስህተት ነው አንልም፣ ጓሉ ግን እስኪያዝ ድረስ አንድ ዙር ተጨማሪ ይዞራል።

ዘዴው ጊዜ የፈተነው ነው። ዳውንስና ብላንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያን እንደሚገድል ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1877 ነበር። በ1910 ደግሞ በፈረንሳይዋ የማርሴ ከተማ የመጠጥ ውሃን በዩቪ ለማከም ሥራ ላይ ዋለ። የኩሬው መሣሪያ የዚሁ ዘዴ ታናሽ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። መብራቱ ይበራል፣ ውሃው አይጠራም። በመሣሪያው መስኮት በኩል የምታዩት ሰማያዊ ብርሃን አልጌውን የሚመታው ጨረር አይደለም። ሜርኩሪ ሲሞቅ የተለያዩ ብርሃኖችን ይሰጣል፤ ለዓይን የሚታየው ሰማያዊው 436 ናኖሜትር ላይ ያለው ነው፣ 254 ላይ ያለውን ማንም ዓይን አያየውም። መብራቱ እያረጀ ሲሄድ የማይታየው ጨረር ይደክማል፣ ሰማያዊው ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ስለዚህ «ይበራል» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም። የአብዛኞቹ መብራቶች የአገልግሎት ዘመን 8000 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሌት ተቀን ከበራ ይህ በ333 ቀን ይሞላል። መብራት በየዓመቱ ቀይሩ የምንላችሁ ለሽያጭ ብለን አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የማታበሩት ከሆነ የበራበትን ወራት ብቻ ቁጠሩ። የምትቀይሩትም ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት ይሁን፤ ትኩሱን መብራት የምትፈልጉት አልጌው በሚበረታበት ወቅት ነውና። የተገጠመበትን ቀን በማይለቅ ቀለም ጽፋችሁ በመሣሪያው ላይ ብትለጥፉ ዓመት ሲሞላ አትጠራጠሩም።

ሁለተኛው ምክንያት ሽፋኑ ነው። ኳርትዝ የተመረጠው ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ ነው። ኳርትዙ ራሱ ግን ከቆሸሸ ከተራ መስታወት ብዙም አይሻልም። ውሃችሁ ኖራ የበዛበት ከሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ሽፋኑ ላይ ነጭ፣ ሻካራ ቅርፊት ይጋገራል፤ ኖራ ባይኖርም ቡናማ አተላ ይለብሳል። በዚያ ውስጥ አዲስ መብራት ብታስገቡ ጨረሩ ውሃው ጋ አይደርስም። አጸዳዱን በዝርዝር እንንገራችሁ። መጀመሪያ መብራቱንም ፓምፑንም ከሶኬት ንቀሉና መብራቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ አፍስሱ፣ መብራቱን አውጡና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ሽፋኑን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሳትጠመዝዙ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ አንድ ጫፉ ሌላው ሳይወጣ ከዘመመ ይሰነጠቃል። ለስላሳ ጨርቅ በአቼቶ ነክራችሁ ጠቅልሉትና ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። ቅርፊቱ አረፋ እያወጣ ይለቃል፤ ያልለቀቀ ካለ ድገሙት እንጂ በቢላዋ ወይም በሽቦ አትፋቁት፣ የተጫረ ኳርትዝ ቆሻሻውን ይበልጥ ይይዛል። በንጹህ ውሃ አለቅልቁና አድርቁት። ሽፋኑን የሚያሽገው ክብ ጎማ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ እዩት፤ ውሃ ወደ መብራቱ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በእሱ በኩል ነው። መብራቱን ስትመልሱ በንጹህ ጨርቅ ያዙት፣ የጣት ቅባት እንዳይነካው።

ሦስተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። ኩሬያችሁ 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ወርድና በአማካይ 1 ሜትር ጥልቀት ካለው 6000 ሊትር ይይዛል። ለእያንዳንዱ 1000 ሊትር ከ1 እስከ 3 ዋት እንዲደርስ እንመክራለን፤ ተክል የበዛበት፣ ጥላ ያለውና ዓሣው ጥቂት የሆነ ኩሬ በዝቅተኛው ይበቃዋል፣ ፀሐይ የሚውልበትና ኮይ የሚባለው ትልቅ የጌጥ ዓሣ የሞላበት ግን ወደ ላይኛው ይጠጋ። ቀጥሎ ፓምፑ አለ። የኩሬው ውሃ በሙሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ በመብራቱ በኩል አንድ ጊዜ ቢያልፍ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ኩሬ በሰዓት ከ3000 እስከ 6000 ሊትር ማለት ነው። ፓምፑ ከልክ በላይ ከፈጠነ እያንዳንዱ ሕዋስ ከጨረሩ ፊት የሚቆየው ለቅጽበት ብቻ ስለሚሆን ሳይጎዳ ያልፋል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ያለፈው ይመታል፣ ያላለፈው ግን ኩሬው ውስጥ እየተራባ ይቀድማል። ፓምፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሃውን ምንም ሳያነሣ የሚሰጠው መጠን መሆኑንም አትርሱ። ወደ ላይ በገፋ ቁጥር፣ ቱቦው በረዘመና በጠበበ ቁጥር ይቀንሳል። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ከማጣሪያው የሚወጣውን ውሃ መጠኑ በታወቀ ባልዲ ተቀብላችሁ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ቁጠሩ፤ 10 ሊትር በ9 ሴኮንድ ከሞላ በሰዓት 4000 ሊትር ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ አሁንም ውሃው ካልጠራ ምናልባት ችግሩ አረንጓዴ ውሃ ላይሆን ይችላል። ጥርት ባለ ብርጭቆ ከኩሬው ቀድታችሁ ነጭ ወረቀት ፊት ለፊት አስቀምጡትና እስከ ማግስቱ ተዉት። አረንጓዴነቱ ሳይለቅ በውሃው ሁሉ ተበትኖ ካደረ ተንሳፋፊ አልጌ ነው፣ ዩቪ ይሠራለታል። ከታች ቡናማ ደለል ተቀምጦ ላዩ ከጠራ፣ ዓሦቹ ወለሉን እየቆፈሩ የሚያስነሡት ጭቃ ነው። ምንም ሳይዘቅጥ እንደ ቀጭን ሻይ ቡናማ ሆኖ ከቀረ የወደቀ ቅጠል የለቀቀው ቀለም ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ መብራቱ መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያውም ጨረሩን እየጋረዱ ሥራውን ያደክሙበታል። ድንጋይና ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚያድገው ክር የመሰለ አልጌም እንዲሁ ነው። ወደ መብራቱ ስለማይሄድ ምንም አይነካውም፣ ውሃው ሲጠራ ብርሃን እስከ ታች ስለሚደርስለት ሊበረታም ይችላል። እሱን በእንጨት እየጠቀለሉ ማውጣት ነው ያለው። ውሃው ላይ የተደፋ ቀለም የመሰለ ሰማያዊ አረንጓዴ ሽፋን ካያችሁ ግን ለየት ያለ ጥንቃቄ አድርጉ፤ ይህን ሽፋን ከሚሠሩት ጥቃቅን ሕያዋን አንዳንዶቹ መርዝ ስለሚያመነጩ ልጆችና የቤት እንስሳት እንዳይጠጉ ይሁን።

መሣሪያውን አዲስ ስታስጀምሩ ለውጡ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያል። መጀመሪያ አረንጓዴው ገረጣ ይልና ደፈርስ ይላል፤ ብዙዎች ተበላሸ ብለው የሚደውሉልን በዚህ ጊዜ ነው። አልተበላሸም፣ አልጌው ጓል እየሠራ ነው። በእነዚህ ቀናት ማጣሪያው ከወትሮው ቶሎ ስለሚደፈን ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ግን ከኩሬው በቀዳችሁት ውሃ። የቧንቧ ክሎሪን በስፖንጁ ላይ የሚኖሩትንና የዓሣውን አሞኒያ የሚያከሽፉትን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል። ዩቪውስ አይገድላቸውም ወይ ለምትሉን፣ እነሱ ተጣብቀው የሚኖሩ ስለሆኑ ጨረሩ አያገኛቸውም። ከጠርሙስ ባክቴሪያ የምትጨምሩ ከሆነ ግን ቦታ እስኪይዙ ለሁለት ሦስት ቀን መብራቱን አጥፉት። ለዓሣ መድኃኒት ስታደርጉም እንዲሁ፤ አንዳንዱ መድኃኒት በጨረሩ ይፈርሳል። በተጨማሪም ብዙ አልጌ በአንድ ጊዜ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳልና ፏፏቴው ወይም አየር መስጫው ሌሊትም ይሥራ። ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ካያችኋቸው አየር አንሷቸዋል ማለት ነው።

መብራቱ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን አያወጣም። ይህን ሳንነግራችሁ መሣሪያ ብቻ ብንሸጥላችሁ ህሊናችን አይፈቅድም። ዓሦቹ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በልተው የማይጨርሱትን ምግብ አትጨምሩላቸው፣ ቅጠሉን ሳይበሰብስ አውጡ፣ የውሃ አበባና ሌሎች ተክሎች ከኩሬው ገጽ ግማሽ ያህሉን ይሸፍኑላችሁ፤ ብርሃኑንም ምግቡንም ከአልጌው ይሻሙታል። በደንብ የተተከለና ዓሣ ያልበዛበት ኩሬ ያለ ዩቪ የሚጠራበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ኩሬ ካላችሁ መሣሪያ መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ስለ ደኅንነት አጥብቀን እንናገር። የበራ መብራት ከመሣሪያው ውጭ ለአፍታም አትዩ፤ ዓይንን ያቃጥላል፣ ቆዳንም ይልጣል፣ ሕመሙ የሚሰማው ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ነው። ውሃ ሳይኖርበት አታብሩት። እጃችሁን ኩሬው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሁሉንም ንቀሉ። መስመሩም 30 ሚሊአምፔር ሲያፈተልክ በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይኑረው፤ ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራላችሁ። ያረጀው መብራት ሜርኩሪ አለበትና ከቤት ቆሻሻ ጋር አትጣሉት፣ ሳይሰበር አምጡልን፣ ወደሚገባው ቦታ እናደርሰዋለን።

አሁንም ካልጠራላችሁ ስትደውሉ የኩሬውን ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት፣ የባልዲውን ቆጠራ፣ መብራቱ የተገጠመበትን ቀን፣ ሽፋኑ መጨረሻ የጸዳበትን ጊዜና የብርጭቆውን ውጤት ይዛችሁ ደውሉልን። በእነዚህ ላይ ተመሥርተን ምን መቀየር እንዳለበት፣ ወይም ምንም መግዛት እንደማያስፈልጋችሁ እንነግራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባልደረቦች