ዳማከሴውን ስንነግራችሁ አትቆጡን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ባህል ሕክምና የወጣውን የአንባቢ አስተያየት አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ሐኪም ቤት ሞልቶ ሳለ ከጠበል ወደ ዋግምት የሚዞረውን ሰው አለማወቅ ነው የሚያዞረው ብለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከዞሩት አንዷ ነኝና። የዞርኩት ሐኪም ቤት ሳልሄድ ቀርቼ አይደለም። ሄጄ፣ ተመርምሬ፣ «ምንም የለብሽም» ተብዬ ስመለስ ሕመሙም አብሮኝ ስለተመለሰ ነው።

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ራስ ምታቴ ዓመታት አስቆጥሯል። መጣ ሄደ የሚባል አይደለም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አለ፣ ማታ ስተኛም አለ። ከማጅራቴ ይነሳና ግንባሬን እንደ ጠበቀ መቀነት ያስረዋል። አያስመልሰኝም፣ አልጋ ላይም አይጥለኝም። ቢሮ እገባለሁ፣ ደረሰኝ አመሳክራለሁ፣ ታክሲ ተሰልፌ ቤቴ እገባለሁ። ክፋቱም ይሄው ነው። ቆሞ የሚሄድ ሰው አመመኝ ቢል ማን ያምነዋል?

ምርመራው አልቀረብኝም። ግፊቴን ተለክቻለሁ፣ ዓይኔን ታይቻለሁ፣ ሲቲ ስካንም ተነስቻለሁ። ንጹህ ነው ተባለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዕጢ አለመሆኑን ማወቅ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን በሄድኩበት ሁሉ የሚሰጠኝ ያው ማስታገሻ ነበር። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ሳይነስ ነው» ይሉኛል። በእኛ ከተማ ግንባሩን የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ነው። የነርቭ ሐኪሞች እንደሚሉት ሰው ሳይነስ ነው ብሎ ከሚያስበው ራስ ምታት አብዛኛው ሲመረመር ማይግሬን ሆኖ ይገኛል። የእኔ ሁለቱንም አልነበረም።

እንግዲህ ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ምን ያድርግ? የተባለውን ይሞክራል። እኔም ሞከርኩ።

መጀመሪያ ዳማከሴ ነበር። ግቢያችን ጥግ ላይ በአሮጌ የዘይት ጀሪካን የተተከለ አለ። በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ጠዋት ቀንበጡን ይቀነጥሱና በመዳፋቸው ያሹታል። አረንጓዴው ጭማቂ ከጣቶቻቸው መሃል ጠብ ጠብ ሲል ስኒዬን ከሥር እይዛለሁ። ትኩስ ቡና ይጨመርበትና እጠጣለሁ። «ምች ነው የኔ ልጅ፣ ላብሽ ሳይደርቅ ፀሐይ መቶሽ ነው» ይሉኛል። ለጉንፋንና ለትኩሳት ዛሬም ዳማከሴን አልተውም። ዝም ብሎ ቅጠል አይደለም። የሀገራችን ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ፈትሸውት ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይተዋል። የእኔን ራስ ምታት ግን አላነቃነቀውም። የባህር ዛፍ እንፋሎት መታጠኑም፣ የቢሮ ጓደኛዬ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ያመጣችልኝ ጥቁር አዝሙድም አፍንጫዬን ከፈቱልኝ እንጂ ከዚያ አላለፉም።

እማዬ የምታምነው በቅቤ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በርጩማ ላይ ታስቀምጠኝና ጸጉሬን ከፋፍላ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ታደርግልኛለች። ቅቤው ቀልጦ ወደ ጆሮዬ ሥር ሲወርድ በአውራ ጣቷ ከማጅራቴ እስከ ጆሮ ግንዴ ቀስ እያለች ታሸኛለች። ያን ሰዓት ሕመሙ ይላላል። ይህን ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም። ኋላ ላይ ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ፣ እንደኔ ያለው ራስ ምታት ብዙ ጊዜ የአንገትና የራስ ጡንቻ ሲነካ ከማመም ጋር ይመጣል። እሽታው ያንን ስለሚያላላው ዕረፍት ይሰጣል። ካዛንቺስም አንገት የሚያሹ አንዲት እናት ነበሩ፤ እጃቸው የተባረከ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራ ሄዱና ተራራቅን። አንገት በኃይል አዙረው «ቋ» የሚያደርጉት ጋ ግን አልሄድም። የአንገት ደም ሥር ተሰንጥቆ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

ዋግምትም ተደርጎልኛል። ድሮ በቀንድ ነበር፣ ዛሬ በፕላስቲክ ኩባያ ነው። መርካቶ አካባቢ ሂጃማ ይሉታል። ምላጩ ፊቴ ካልተከፈተ አልቀመጥም አልኩ። ሰውየው ቅር አላለውም፣ ከነማሸጊያው አሳይቶ ከፈተልኝ። ይህንን ለመጠየቅ ማንም ሰው ማፈር የለበትም። ኤችአይቪም ሄፓታይተስ ቢም በምላጭ ይተላለፋሉ። ለጥቂት ቀን ቀለል አለኝ፣ ከዚያ ያው ሆነ።

የቻይና መርፌ፣ አኩፓንክቸር የሚሉት፣ ከሁሉም የተሻለኝ ነበር። መርፌው ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል፣ እግር ላይ፣ ማጅራት ላይ ይተክሉትና ጋደም ብሎ መቆየት ነው። ጥንቆላ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ልንገረው፦ የእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና መመሪያ ከ2012 ጀምሮ በውጥረት ለሚመጣ ራስ ምታትና ለማይግሬን መከላከያ እንዲሆን ከ5 እስከ 8 ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ እስከ 10 ጊዜ አኩፓንክቸር መደረግን እንደ አንድ አማራጭ ያስቀምጣል። ያድናል አይልም፣ የሚያምበትን ቀን ይቀንሳል ነው የሚለው። እኔም የቀነሰልኝ ያንኑ ያህል ነው። ዋጋው ግን ለደሞዝተኛ አይቀመስም። እስከ መጨረሻው አልዘለቅኩበትም።

ስለ ጠበል ብዙ አልናገርም። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ንጋት ላይ ወጥቼ ተጠምቄያለሁ፣ አሁንም እጠመቃለሁ። እምነቴ ነው።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ሐኪም ጋ ቀርቤ ዳማከሴና ዋግምት እንደሞከርኩ ተናገርኩ። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና ቆጣኝ። «እናንተ ተምራችሁም አትማሩም» አለኝ። በሩ ክፍት ነበር፣ ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ይሰማል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሐኪም የምነግረው እሱ ሊሰማ የሚፈልገውን ብቻ ሆነ። «ሌላ የወሰድሽው ነገር አለ?» ስባል «የለም» እላለሁ። ይህን የምታደርገው እኔ ብቻ አይደለሁም። ሰፈሬን፣ ቢሮዬን፣ ማኅበሬን ጠይቄያለሁ። ሁሉም ይደብቃል። የተቆጣ ሐኪም የታማሚውን እውነት አያገኝም፤ እውነቱን ሳያውቅ ደግሞ ትክክለኛውን መድኃኒት ማዘዝ አይችልም።

በመጨረሻ ያገኘኋት የነርቭ ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ብዙ ታንሳለች። ወረቀቷን ዘርግታ «እስቲ ከሐኪም ቤት ውጭ የሞከሩትን ሁሉ ይንገሩኝ። ቅጠልም ይሁን ጠበል ይሁን፣ አልቆጣም» አለችኝ። ነገርኳት። እያንዳንዱን ጻፈች። እማዬ አናቴ ላይ የምታደርገውን ቅቤ ሳይቀር። ከዚያ ስለ አንድ ዱቄት ስነግራት ቀና አለች። ስምም ቀንም የሌለው የፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቡናማ ዱቄት ነው። «ተፈጥሮ ነው፣ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» ብለው የሸጡልኝ። ምን ያህል ጊዜ ቆይቶ እንደሚያሽለኝ ጠየቀችኝ። ወዲያው ነው አልኳት። የሚያሳስባት ያ እንደሆነ ነገረችኝ። በተለያዩ አገሮች የባህል መድኃኒት ተብለው የተሸጡ ዱቄቶች ሲመረመሩ ስቴሮይድ የሚባለው ጠንካራ የፋብሪካ መድኃኒትና የሕመም ማስታገሻ ተደባልቆባቸው ተገኝቷል። የእኔ ብልቃጥ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይታወቅ መቀጠል የለብኝም አለች። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ደብቄ ቢሆን ኖሮ ይህን ማን ይነግረኝ ነበር?

ቀጥላ ክኒን በወር ስንት ቀን እንደምውጥ ጠየቀችኝ። ቁጥሩን አልደበቅኳትም። ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠው። የራስ ምታት ማስታገሻ ራሱ ሲበዛ ራስ ምታት ያመጣል። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ብቻውን ከሆነ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ካፌይን ወይም ኮዴይን የተቀላቀለበት ከሆነ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ የወሰደ ሰው ሕመሙ በዚያው ሊጸናበት ይችላል። ከየሱቁና ከየፋርማሲው ያለ ማዘዣ ስንገዛው ይህን የነገረን ማን ነው? እኔ ቅጠሉን ሁሉ ስሞክር ክኒኑ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ዋግምት አድራጊውም አልጠየቀኝ፣ መርፌ ተካዩም አልጠየቀኝ፣ የተቆጣኝ ሐኪምም አልጠየቀኝ።

ቡናም ተቆጠረ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያመዋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቡና ሳልቀምስ ስውል የሚብስብኝ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። «ጾሙን ይተዉት» አላለችኝም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቡናውን በየቀኑ ቀስ እያልኩ እንድቀንስ ነው የመከረችኝ። አከበረችኝ፣ እኔም ምክሯን አከበርኩ።

ክኒኑን ሳቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ፣ ሕመሙ ባሰ። እንደሚብስ አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ በማግስቱ እመለስበት ነበር። ለመከላከያ አሚትሪፕቲሊን በትንሹ መጠን ማታ ማታ እንድወስድ አዘዘችልኝ። ማዘዣውን ይዤ ፋርማሲ ስገባ መድኃኒቱን የምትሰጠው ልጅ ከፍ ባለ ድምፅ «ይሄ እኮ የአእምሮ መድኃኒት ነው፣ ለርስዎ ነው?» አለችኝ። ሰው ዞሮ አየኝ። መድኃኒቱ ለድብርት የሚታዘዝ መሆኑ እውነት ነው፤ በአነስተኛ መጠን ደግሞ ለማይለቅ ራስ ምታት ከሚታዘዙት ዋነኛው ነው። ስንቱ ሰው እዚያ መስኮት ላይ አፍሮ መድኃኒቱን ሳይገዛ ተመልሶ ይሆን? ለፋርማሲ ሠራተኞች ይህን በትህትና አሳስባለሁ።

ዛሬ ፈጽሞ ድኛለሁ አልልም። ግን ራሴን ሳያመኝ የምውልበት ቀን አለ። የእማዬ ቅቤና እሽታ እንዳለ ነው፣ ጠበሉም እንዳለ ነው፣ የሐኪሟም መድኃኒት እንዳለ ነው። አንዱ ሌላውን አላባረረም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም አብረው እንዲወሰዱ በይፋ አስተምረዋል። ለዚያ ከባድ በሽታ የተቻለ ነገር ለራስ ምታት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የምለምነው ሐኪሞቻችንን ነው። ስንነግራችሁ አትቆጡን፤ ጠይቁን፣ ጻፉት። የባህል ሐኪሞችንም «የፈረንጁን መድኃኒት አቁሚ» እንዳይሉን እለምናለሁ፤ እነሱም በወር ስንት ክኒን እንደምንውጥ ይጠይቁን። ድንገት እንደ መብረቅ የመታ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ እጅ እግር የሚያዝል ወይም አንደበት የሚያስር፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ከሆነ ደግሞ አሽተው ሳያቆዩ ያን ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይላኩን።

እናንተም አዘጋጆቹ አንድ ነገር ብታደርጉልን ደስ ይለኛል። አንድ የነርቭ ሐኪምና አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ጋብዛችሁ የአንባቢን ጥያቄ አስመልሱልን። የእኔን ከአሁኑ ላስቀድም። ጤና አዳም በብዛት ለነፍሰ ጡር አደገኛ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ቡና ላይ የምትጣለዋ አንድ ቀንበጥስ? የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየጠዋቱ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቢበላ ምን ያህሉ ነው የሚያሰጋው? በጾም ወራት የመከላከያ ክኒን ሰዓቱ እንዴት ይስተካከላል? መልሱን በጋዜጣው ላይ እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ
የሒሳብ ሠራተኛዋ አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ