ለሐሙሱ ቃለ መጠይቅ

ሐዋሳ

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ለሶሻል ወርከርነቱ ቦታ ሐሙስ 3 ሰዓት ትቀርቢያለሽና ሳይረፍድ ልጻፍልሽ።

«ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚለውን በ2 ደቂቃ ጨርሺው፤ ዲግሪሽ ፋይሉ ውስጥ አለ። የሚለየው የኬሱ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ፦ የ19 ዓመት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ትናንት ማታ ከፈረቃ ስትመለስ ተደፍራ ዛሬ መጣች፤ ምን ታደርጊያለሽ? ብዙው ሰው «አረጋጋታለሁ፣ አማክራታለሁ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይቀራል። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ የሚወሰደውም 28 ቀን ነው። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ሲዘገይ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ «ዛሬ የምታድሪበት ቦታ ያሰጋሻል?» በያት፤ ከዚያ ከፈቀደች አብረሻት ወደ ሐኪም ሂጂ። ልብሱ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ፖሊስ ጋ መሄዱን የምትወስነው እሷ ናት። ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ አታስነግሪያት፤ ሐኪሙም ሊጠይቃት ነው።

«ለማንም አልናገርም» የሚል መልስ ከአፍሽ እንዳያመልጥሽ። ምስጢር የምትጠብቂው የራሷ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ እስካልሆነ ድረስ ነው፤ ይህንንም የምትነግሪያት ገና ከመነሻው እንጂ ከነገረችሽ በኋላ አይደለም።

ራስን ስለማጥፋት ከጠየቁሽ አታድበስብሺ። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብሎ ታካሚዋን በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። አዎ ካለች በምን፣ መቼ፣ ከዚህ በፊት ሞክራ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ፀረ ተባይ መኖሩን ጠይቂ፤ መድኃኒቱ ካለ፣ ቤተሰብ ዛሬውኑ ከቤት ያውጣው። የድብርት መለኪያው ባለ 9 ጥያቄ ቅጽ ከ27 ነው የሚቆጠረው። ድምሩ 6 ብቻ ቢሆን እንኳ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ የሚጠይቀው 9ኛው ጥያቄ ላይ ከዜሮ በላይ ከመለሰች ቆመሽ ትጠይቂያለሽ። ብዙዎች ድምሩን አይተው የሚያልፉት እዚህ ነው።

ሲዳሙ አፎ ብቻ የምትናገር ታካሚ ብትመጣስ? ባሏን ወይም ልጇን አስተርጓሚ አደርጋለሁ እንዳትዪ፤ ደብዳቢው እሱ ሊሆን ይችላል።

«ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ደግሞ በር የሚዘጋ የማማከሪያ ክፍል መኖሩንና ሥራሽን በየስንት ጊዜው ማን እንደሚገመግም ጠይቂ። ስለ ደመወዙ እነሱ ያንሱት።

የዲግሪሽን ኦርጅናልና ኮፒ ለየብቻ ያዢ። ባጃጅ ጠዋት ስለማይገኝ በ2 ሰዓት ውጪ።

እናትሽ