መስኮቱን የሚከፍት ሰው ላኩልን

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

የእህቴ ልጅ አሁን ደህና ነው። የምጽፍላችሁ ከአራስ ሕፃናት ቢጫነት በመከራ ስለተረፈ ነው።

እህቴ ባሕር ዳር ወልዳ በማግስቱ ዘጌ ገባች። ሕፃኑ ያን ቀን ምንም አልነበረውም። የአራስ ቤት መቼም ታውቁታላችሁ፤ መስኮቱ ዝግ፣ ሕፃኑ በነጠላ ጥቅልል። በ4ኛው ቀን ልጠይቃት ስሄድ ልጁ ጡት ትቷል፤ ብንቀሰቅሰው አይነቃም። ወደ በራፍ አውጥቼ አፍንጫውን በጣቴ ጫን አደረግሁት። ጣቴን ሳነሳ ቆዳው እርድ መሰለ።

አንዷ ጎረቤት «ፀሐይ አሙቁት» አለች። ሌላዋ «የወፍ በሽታ ነው፣ መድኃኒተኛ አለ» አለች። እኛ ወደ ጀልባው ሮጥን። እሱም ካልሞላ አይነሳም! መጀመሪያ የደረስንበት ቦታ ቢጫነቱ የሚታከምበት መብራት ተበላሽቷል ብለው ወደ ሌላ ላኩን። እዚያ ሰማያዊው መብራት ሥር ተኛ።

ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ ከአሥር ሕፃናት ስድስቱ ያህል ቢጫ ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ በራሳቸው ይድናሉ። ቆዳውን ቢጫ የሚያደርገው ደም ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን ከልክ ሲያልፍ ግን አንጎል ውስጥ ይገባል። መስማትንና እንቅስቃሴን ለዕድሜ ልክ ሊጎዳ ይችላል። ቢጫነቱ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ ወይም ሕፃኑ አልጠባም ካለ ቀን አይሰጥም። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰገራውም ከነጣ፣ ጉበቱ መታየት አለበት። የጠዋት ፀሐይ የመብራቱን ቦታ አይተካም።

እኔን የገረመኝ አቆጣጠሩ ነው። ቢጫው ብዙ ጊዜ የሚብሰው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ነው። እናቶች የሚሸኙት ደግሞ ከ24 ሰዓት በኋላ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ሕፃናት ከመሸኘታቸው በፊት ቢሊሩቢናቸው ቆዳ ላይ በሚያርፍ መሣሪያ እንዲለካ መክሯል። መሣሪያው ውድ ነው፤ ነገ በየጤና ጣቢያው ይዳረስ አልልም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በ3ኛው ቀን ቤት መሄድ ግን ትችላለች። መስኮቱን ታስከፍት፣ ሕፃኑን በቀን ብርሃን ትየው። ሪፈር የሚጽፍ ባለሙያም የትኛው ሆስፒታል መብራቱ እንደሚሠራ ደውሎ ያረጋግጥ። የአንድ ስልክ ጥሪ ነገር ነው፤ እኛ ግን ያንን በባጃጅ ስንዞር ነው ያወቅነው።

የእህቴ ጎረቤት በዚህ ወር ትወልዳለች። በ3ኛው ቀን ማን እንደሚመጣላት ንገሩኝ፤ ምላሻችሁን እጠብቃለሁ።

የሕፃኑ አክስት