ሻጋታም ይታመማል ወይ ብለሽ ነበር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለትዕግስት፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉ? ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። እናትሽ እትዬ ዘነበች ሲያርፉ እንኳን አልደወልኩም። መርዶውን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ። በቆየሁ ቁጥር ደግሞ ስልክ ማንሳቱ እየከበደኝ መጣ። ይቅር በይኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። በእጃቸው የበላሁት ሽሮ አሁንም አፌ ላይ አለ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንቺ ድሮ የጠየቅሽው ጥያቄ ነው። ሁለተኛ ዓመት እያለን፣ ላብራቶሪ ውስጥ፣ እንጀራ ላይ የወጣውን ሻጋታ በማይክሮስኮፕ ስናይ «ሻጋታስ ራሱ ይታመማል?» አልሽ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም ዝም ብለው አለፉት። እኔም ከሳቁት ጋር ሳቅሁ።

ይታመማል ትዕግስትዬ። መልሱን ያገኘሁት እንጀራ ፍለጋ ከገባሁበት ሥራ ላይ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ነው፣ የምሠራው እንጉዳይ እርሻ ውስጥ። ያ በክረምት መስክ ላይ የጅብ ጥላ እያልን እየረገጥን የምናልፈው ማለቴ ነው። እሱም እንደ ሻጋታው ፈንገስ ነው። እዚህ በጨለማ ክፍል፣ በመደርደሪያ ላይ ነው የሚበቅለው። መጀመሪያ የእንጉዳዩ ነጭ ክር ኮምፖስቱን፣ የተብላላውን ጭድና ፍግ ማለቴ ነው፣ እንደ ድር ይወርሰዋል። ከዚያ እርጥብ አፈር እናለብሰዋለን። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነጫጭ ራሶች ብቅ ይላሉ። አለቃዬ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «ጥላው ሳይዘረጋ ልቀሚ» እያለች ትወተውተኝ ነበር። የተዘረጋው ዋጋው ስለሚወርድ መስሎኝ ነበር። «እሱም አለ፣ ግን ቫይረሱንም ፍሪ» አለችኝ። የእንጉዳይ ቫይረስ! ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ታሪኩ የጀመረው እዚሁ ስቴት ውስጥ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ላ ፍራንስ የሚባሉ ወንድማማቾች እርሻ ላይ እንጉዳዩን ያልታወቀ በሽታ ያዘው። ምርቱ አሽቆለቆለ። የሚበቅለውም ግንዱ እየረዘመና እየተጣመመ ራሱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ቦታ ጭራሽ ምንም አይወጣበትም። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። በ1962 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሆሊንግስ የሚባል ተመራማሪ ከታመሙ እንጉዳዮች ውስጥ የቫይረስ ቅንጣቶችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳየ። እኛ ያ ክፍል ውስጥ ከመቀመጣችን ከብዙ ዓመት በፊት ማለት ነው። ጥያቄሽ መልስ ነበረው፣ የነገረሽ ሰው ግን አልነበረም። ይሄ ያንገበግበኛል።

እኔን በጣም ያስገረመኝ አተላለፉ ነው። የጉንፋን ቫይረስ ከሰው ወጥቶ ሰው ይይዛል። የፈንገስ ቫይረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተቀመጠበት ክር አይወጣም። ሁለት ክሮች አፈር ውስጥ ተገናኝተው ሲዋሐዱ፣ የውስጣቸው ፈሳሽ ሲቀላቀል፣ ያን ጊዜ ይሻገራል። ሌላው መንገዱ ስፖር ነው፣ ፈንገስ እንደ ዘር የሚበትነው ብናኝ። አንድ የተዘረጋ እንጉዳይ ስፖሩን በሚሊዮን ይበትናል። የታመመው ደግሞ ከጤነኛው ቀድሞ ይዘረጋል። ስፖሩ በአየር ሄዶ አዲስ ኮምፖስት ላይ ያርፋል፣ ይበቅላል፣ ክሩ ከጤነኛው ክር ጋር ይጋጠማል። በቃ፣ ገባ ማለት ነው። አየሩን በማጣሪያ የምናሳልፈው፣ ምርት ያለቀበትን ክፍል በእንፋሎት የምንቀቅለው ለዚህ ጭምር ነው። ሰውን አይነካም፣ አትስጊ።

ግን «ይታመማል» ብዬ ብተወው ግማሹን ብቻ ነው የመለስኩልሽ። ብዙ ፈንገሶች ቫይረስ ተሸክመው ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ። እንዲያውም የሚጠቀሙ አሉ። የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ምድሩ ከሥር በሚፈላበት ቦታ፣ አንድ ሣር ይበቅላል። ሣሩ ውስጥ ፈንገስ አለ፤ ፈንገሱ ውስጥ ቫይረስ። ሣሩም ሆነ ፈንገሱ ለየብቻቸው ከ38 ዲግሪ በላይ ማደግ አይችሉም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እስከ 65 ዲግሪ የጋለ አፈር ይቋቋማሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. ጥናቱን ያሳተሙት ሰዎች ፈንገሱን እያደረቁና እያቀዘቀዙ ቫይረሱን አጸዱለት። እኛ ብንሆን «ዳነ» እንል ነበር። ነገር ግን የጸዳው ፈንገስ ሣሩን ከሙቀት ማትረፍ አቃተው። ቫይረሱን ሲመልሱለት እንደገና ቻለ። ቲማቲም ላይም ሞክረውት ሙቀቱን በተሻለ ተቋቁሟል።

ይህን ያነበብኩት ከሌሊት ሺፍት ገብቼ ነው። እንቅልፌ ጠፋ። የምነግረው ሰው ፈለግሁ፣ ካንቺ ሌላ ማንም አልመጣልኝም። ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ እያስተማርሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እባክሽ ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው። የሻገተ እንጀራ ይዘሽ ግቢ።

እሑድ በእናንተ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ስልክሽ ያው የድሮው ነው? ከቀየርሽው በወንድምሽ በኩል ላኪልኝ። የእትዬን የመጨረሻ ጊዜ ካንቺ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ሺፍት የለኝም፣ እስከፈለግሽው ሰዓት እንቆያለን።

እህትሽ ማርታ