ቅኝቱ አሁንም አለ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ቡና እየጠጣን ከጓደኞቼ ጋር አነበብነው። በሳቅ ሞትን። አንዱ «የዛሬ ዘፋኝ እኮ አውቶቲዩን (ድምፅ የሚያቃናው ሶፍትዌር) ከሌለ ስሙንም አይጠራ» አለ። ሌላው ወዲያው ወደ ኑሮው ወሰደው፦ «በሐምሌ 2016 የብሩ ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል ቅኝቱም አብሮ ተለቀቀ መሰለኝ!»

ቀልዱን ወድጄዋለሁ። በእናንተ ግን ቅር ብሎኛል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን «የድሮ ዘፈን» ብላችሁ አለፋችኋቸው። ኧረ ተዉ! አራቱ እኮ ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስልቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ። በመሰንቆም በክራርም፣ በጊታርም በኪቦርድም ይሠራሉ። ቲክቶክ ላይ ወጣቱ የሚጨፍርባቸው ብዙ ዘፈኖች ዛሬም ከእነሱ አልወጡም (ማን ነግሮት ይወቅ!)። ባቲና አምባሰል ደግሞ የእኛው የወሎ አገሮች ናቸው። ባቲን ለሰኞ ገበያዋ ብቻ የሚያውቃት ሰው መብዛቱ ያናድደኛል።

እስቲ በሚቀጥለው እትም አራቱን ቅኝቶች በቀላሉ የሚያስረዳ ዓምድ አውጡልን። ጓደኞቼም ቢያንስ አውቀው ይቀልዱ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ