ቢላዋውን ተወው

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ትልቁ ልጅ ቁመቱ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ "ሰ" ማለት አቅቷታል። ሐሙስ ጠዋት ገና ሳይነጋ የደወለችልህም ይሄንኑ ልትነግርህ ነው።

እሺ፣ ለዚህ አይደለም። እሷ ተኝታ ነበር፤ የቀሰቀስኳት እኔ ነኝ። ድምፅህን መስማት ፈልጌ ነው።

ረቡዕ ማታ በላክልኝ ፎቶ ላይ ሦስት እንጉዳዮች ሰሃን ላይ ተደርድረዋል፤ እግራቸው በቢላዋ ጥርት ተደርጎ ተቆርጧል። ከሥሩ "የዛሬ እራቴ" ብለሃል። ቆባቸው አረንጓዴ ቢጤ ነው፣ ወይም የኩሽናህ አምፑል ይሆናል እንዲያ ያስመሰለው። አጎላሁት፣ ባጎላሁት ቁጥር ደበዘዘ። ስደውል አላነሳህም። ቆይተህ "በልቼ ልተኛ ነው፣ ደህና እደሪ" የሚል መልእክት ላክህ።

ሰዓት ስቆጥር አደርኩ። የፈራሁት አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለውን ነው። ፈረንጆቹ "የሞት ቆብ" ይሉታል፤ እኛማ መርዛሙን ሁሉ የጅብ ጥላ ብለን እንገላገላለን። ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። ቶሎ አያምም። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 24 ሰዓት ጭጭ ይላል። ከዚያ ትውከቱና ተቅማጡ ያጣድፋል። ከዚያ ደግሞ ጋብ ይልና ሰውዬው ተሻለኝ ብሎ ይነሳል፣ ጉበቱ ግን ውስጥ ውስጡን እያለቀ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት "ደህና ነኝ፣ ምን ሆናችሁ በሌሊት?" ስትል እንኳ ልቤ አላረፈም። አርብ የደወልኩትም ለዚያው ነው። ቅዳሜም።

ተመስገን፣ ደህና ሆንክ። ምን እንደበላህ ግን እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንተም አታውቅም። ይሄን ስልህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ።

"ትል የበላው እንጉዳይ ሰው አይገድልም" ትለን ነበር። አባዬ፣ ልክ አይደለም። ይሄንኑ የሞት ቆብ ቀንድ አውጣ ሲበላው በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ቤት አጠገብ ያለው ጫካ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ የኦክ ዛፍ ሥር በቅሎ አገኘሁትና ስምንት ቀን ሙሉ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ነጭ እንቁላል ነው የሚመስለው፣ ግማሹ ቅጠል ውስጥ የተቀበረ። ቆይቶ አናቱ ተሰነጠቀ። ከዚያ ቆቡ እንደ መዳፌ ሰፋ፤ መሃሉ የወይራ ፍሬ ዓይነት አረንጓዴ ሆኖ ወደ ጠርዙ እየገረጣ ይሄዳል። ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ነጭ ናቸው። አንገቱ ላይ አጭር ቀሚስ የመሰለ ቀለበት አለው። መጨረሻ ላይ ዙሪያውን በማንኪያ ቆፍሬ ከነሥሩ አወጣሁት። ዋናው ምልክት እዚያ ነው ያለው፤ እግሩ ነጭ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል፣ የዚያ የተሰነጠቀው እንቁላል ቅሪት። አንተ "አፈር እንዳይነካው" እያልክ በቢላዋ ስትቆርጠው ይሄን ከረጢት መሬት ውስጥ ትተኸው ነው የምትመጣው።

ቆቡን ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ደፍቼ ብርጭቆ ከደንኩበት። ጠዋት ሳነሳው ጥቁሩ ላይ ዘሩ ነጭ ዱቄት ሆኖ ረግፎ እንደ ፀሐይ ጨረር ታትሟል። ከረጢት ያለውና የሚበላ አንድ ሌላ ዓይነት አለ፣ ሰው የሚሳሳተው በሱ ነው፤ የሱ ዱቄት ግን ወደ ሮዝ ያደላል። ስልኬን ደግሞ ሁለት ፎቶ ባሳየው ሁለት ስም ነገረኝ፣ ተውኩት።

ትንሿ አብራኝ ነበረች። "ልንካው?" አለች። ንኪው አልኳት። የሚገድለው መዋጡ እንጂ መንካቱ አይደለም። በሁለት ጣቷ ይዛ አሸተተችው፣ "ማር ማር ይላል" አለች፣ እጇን ታጠበች፣ አለቀ።

ያኔ ነው ደሜ የፈላው።

እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። የለቀምኩትን እንጉዳይ በዚያች ቢጫ ቅርጫት ይዤ እየሮጥኩ ስመጣልህ እጄን መታህ፣ ቅርጫቷን በእርግጫ አልካት፣ በአክስቴ ልጆች ፊት "ደንቆሮ!" አልከኝ። ሁለተኛ ጫካ ይዘኸኝ አልሄድክም። ወንድሜን ግን ትወስደው ነበር። ደንግጠህ እንደነበር አሁን ገብቶኛል፤ እማዬም ከማለፏ በፊት ነግራኛለች። ግን "መርዝ ነው" ብትለኝ ምን ነበረበት? 30 ዓመት ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ኖርኩ እኮ።

በል ይቅር። ከዝናብ በኋላ ቅጠሉን በዱላ ገለጥ እያደረጉ ማየትንም ያስተማርከኝ አንተው ነህ። እግዜር ይስጥልኝ።

ዓይንህ ግን። የዓይን ሞራ ነጩን ቢጫ ያስመስላል፣ ሐኪሙም ነግሮሃል። ቀጠሮውን ሁለቴ አሳልፈሃል። ነጭና ቢጫ መለየት ያቃተው ሰው ብቻውን ለቅሞ፣ ብቻውን ጠብሶ፣ ብቻውን በልቶ ሲተኛ እኔ እዚህ ሆኜ ምን ልሁን? መጥበስም መቀቀልም ማድረቅም መርዙን አያጠፋውም። በልተህ በማግስቱ እንኳ ሆድህን ከቆረጠህ አትጠብቅ፤ የተረፈውን ይዘህ ሐኪም ቤት ሂድ፣ እኔን መንገድ ላይ ሆነህ ትደውልልኛለህ። ተሻለኝ ብለህም እንዳትመለስ።

እሁድ ከትንሿ ጋር እንመጣለን። ጫካ እንገባለን፣ ለማየት ብቻ። ቢላዋውን ተወው። አሮጌ ማንኪያ ካለህ ግን ያዝ፣ የኔው ጎብጧል።

ልጅህ