ጥሬው ቅጂ የት ገባ?

ለሸክላ ቅጂ ቤቱ ባለቤት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ማን እንደሆንኩ እዚያ የሚሠራው ልጅ ይነግርዎታል። ባለ 14 ሸክላዋ ነኝ፣ ስድስት ጊዜ የተመላለስኩት። ቀብዱም ቀሪውም ተከፍሏል፣ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከሥር ጀምሬ አላደክምዎትም። የምጽፈው ስለ ትናንቱ ነው።

የዘፈን ሸክላዎቹን ወደ ፍላሽ እንድትቀዱልኝ ሳስረክብ አጥብቄ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያጠራችሁትን ስጡኝ፣ ምንም ያልተነካውን ጥሬ ቅጂም አብራችሁ ስጡኝ። ልጁ «ችግር የለም፣ ሁለቱንም በዋቭ እናደርግልሻለን» አለኝ፤ ዋቭ ያለው ድምፁ ሳይጨመቅ የሚቀመጥበትን ፋይል ነው። እንዲያውም ደረሰኙ ጀርባ ላይ «ጥሬ እና የጠራ» ብሎ በራሱ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈልኝ። ትናንት ቤት ገብቼ ፍላሹን ስሰካው 28 ፋይል አለ። 14 ሸክላ በሁለት ፊት፣ እሺ፣ ልክ ነው። ግን ሁሉም ኤምፒስሪ ነው፣ የተጨመቀው ፋይል፣ ያውም ባለ 128 ኪሎቢቱ፣ ጥራቱ ዝቅ ያለው፤ ሁሉም ጠራ የተባለው። ጥሬው የለም።

በዚያ ዝናብ ከፈረንጅ አራዳ ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ። ልጁ ሄድፎኑን ከአንገቱ ሳያወርድ «እናቴ፣ ጥሬው ምን ያደርግልሻል? ጫጫታ እኮ ነው» አለኝ። እናቴ! 41 ዓመቴ ነው። ይሁን፣ አክብሮት ነው ብዬ አለፍኩት። ደረሰኙን ገልብጬ «ይኸው፣ ያንተ ጽሑፍ አይደለም?» አልኩት። አየት አደረገና «ዲስኩ ሲሞላብን አጠፋነው» አለ፣ ሻይ ፈሰሰ እንደሚል ሰው። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ጫጫታ ናፈቀኝ ብሎ የሚጣላ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለውና ተሳሳቁ። እኔ እዚያው ቆሜ ጃንጥላዬ ወለላችሁ ላይ ይንጠባጠባል።

ጫጫታ ናፍቆኝ አይደለም። ከድምፅ ላይ አንዴ የተነሳ ነገር ተመልሶ አይገባም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሹሹታውን ለማንሳት ዘፈኑ ሳይጀምር መርፌዋ ባዶው ላይ ስትሄድ ካለው ድምፅ ናሙና ይወሰድና ኮምፒውተሩ ያንን የሚመስለውን ሁሉ ይቀንሳል፤ በልክ ሲሆን ጥሩ ነው፣ ሲበዛ ግን የማሲንቆው ደጋን ጭራውን ሲፈገፍግ የሚያወጣውንም ሹሹታ መስሎት አብሮ ይጠርገዋል። ጠቅታ ማጥፊያውም ያለልክ ከተጫኑት የትራምፔቱን አጀማመር እንደ ጭረት ቆጥሮ ይላጨዋል። በእኔ ሸክላዎች ላይ የሆነው ይኸው ነው። አባቴ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሸክላ ላይ ማሲንቆው የለም፤ ዘፋኙም በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። ጥሬው ቢኖር ሌላ ሰው በልኩ ያጠራልኝ ነበር። እነዚህ በ1960ዎቹ ውጭ አገር ታትመው የገቡ ሸክላዎች ናቸው፣ ነገ ገበያ ወጥቼ የምተካቸው አይደሉም።

ከጻፍኩ አይቀር የቀረውንም ልበል። መለያው ላይ 45 የሚል ቁጥር፣ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ማለት ነው፣ ፊት ለፊት ተጽፎ እያለ አንዱን በ33 ቀድታችሁታል። የ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንዱ ዘፈን 4 ደቂቃ ከ30 ሆኗል፣ ሴቷም ወንድ ሆናለች። ይህን ያህል እንኳን የሰማው ሰው አልነበረም ማለት ነው። ባሱ የሳሳው ደግሞ ማጫወቻውን ያለ ፎኖ ፕሪአምፕ፣ ያለ ሸክላ ድምፅ ማጉያው ማለቴ ነው፣ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሰካችሁት ነው። ሸክላ ሲቆረጥ ባሱ ተቀንሶ ነው የሚገባው፣ መልሶ የሚያነሳው ፕሪአምፑ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ይህን ለእናንተ ማስረዳት የኔ ሥራ አልነበረም። አንዱ መለያም በውሃ ርሶ ቀለሙ ፈሷል። «መብራት ጠፍቶ ነው»፣ «ልጁ ወጣ ብሏል»፣ «ነገ ነይ» የተባልኩትን አልቆጥረውም።

መጀመሪያ ጥሬውን ብቻ ልጠይቅ ነበር ያሰብኩት። እየጻፍኩ ስሄድ ሐሳቤን ቀየርኩ። 14ቱም እንደገና ይቀዱ፣ በዋቭ፣ በ24 ቢት ጥራት፣ በአዲስ መርፌ። ያረጀ መርፌ ሸክላውን ይፍቀዋል፣ ስለዚህ መርፌው ሲቀየር በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ሲቀዱም አጠገባችሁ እቀመጣለሁ። የከፈልኩት ገንዘብ ይመለስ፣ የስድስቱ ቀን የባጃጅም ጭምር። ልጁም ይቅርታ ይጠይቀኝ፣ እናቴ ሳይለኝ። እስከ አርብ መልስ ካላገኘሁ ደረሰኙን ፊትና ጀርባውን ኮፒ አድርጌ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ረስቼ። መሃላቸው ሰፊ ቀዳዳ ላላቸው ሸክላዎች የምትገባዋ ቢጫ ፕላስቲክ አብራ መጥታ ነበር፣ አልተመለሰችም። የአባቴ ናት፣ ያለሷ ሸክላው መሃል አይይዝም። ሌላው እስከ አርብ ይቆይ፣ እሷን ግን ዛሬውኑ ፈልጉልኝ።

ደንበኛችሁ፣ ጅማ